«በሕግ አምላክ»
ስለ ገጠር ጸጥታ ጠባቂ ኃላፊነትና ስለ ጎረቤት ኅሊና



በደጋው አገራችን ሁለት ሰዎች በእርሻ ወሰን ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም በመንገድ የሚያልፍ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ቢጮኽ፣ የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ጯኺው መሣሪያ አልያዘም፤ የደንብ ልብስም አልለበሰም፤ ምናልባትም ከተጣሉት ከሁለቱም በዕድሜም በጉልበትም ያነሰ ነው። ሆኖም ቃሉ ያስራል። ያንን ቃል ሰምቶ እጁን ያልሰበሰበ ሰው በባላጋራው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በሕግና የሕግ ባለቤት በሆነው አምላክ ላይ እንደ ተነሣ ይቈጠር ነበር።

ከዚህ ልማድ ተነሥተን በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ሕግ ጉልበቱን የሚያገኘው ከየት ነው? ጠመንጃ ካነገተው ሰው ነውን? ወይስ ቃሉን ከሚሰማው ሕዝብ ኅሊና? ጥያቄው ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በፋርጣም ሆነ በእስቴ፣ በጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ በሬ በተሰረቀ ቍጥርና ሰው በተገደለ ቍጥር በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ የሚቆም ጥያቄ ነው።

ጸጥታ ጠባቂው ማን ነበር?

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ካደረጓት ጀምሮ፣ የየጁ መሳፍንት፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ተቀምጠውባታል። ስለዚህ ሹመትና ሠራዊት ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገሮች አይደሉም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ ማዘዛቸው ይተረካል። አንዳንድ ወንበዴዎችም ቀርበው የአባቶቻቸው ሥራ ዘረፋ መሆኑን በድፍረት ተናገሩ፤ ንጉሡም በእርሻ እንዲኖሩ ቢመክሯቸው እምቢ ስላሉ በኋላ በሠራዊት አስከብበው አጠፏቸው ይባላል። ንጉሡ ራሳቸው ከመንገሣቸው በፊት በቋራ በረሃ በሽፍትነት የኖሩ ስለ ነበሩ የሽፍታን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። ይሁን እንጂ በሰይፍ ፍርሃት ብቻ የተጠበቀ ጸጥታ፣ ሰይፉን የያዘው እጅ በደከመ ጊዜ አብሮ ይደክማል። የአገራችን ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል።

ከቤተ መንግሥት ርቆ በሚኖረው ገበሬ ዘንድ የሕግ ፊት ሆኖ ይታይ የነበረው ጭቃ ሹም ነው። ጭቃ ሹሙ ከዚያው አገር ሰው ነበረ፤ በብዙ ሥፍራም ሹመቱ በባለ ርስቶቹ ዘንድ በተራ የሚዞር ነበር። ግብር ያሰባስባል፤ አዋጅ ያሰማል፤ ጥቃቅን ጠብ ያበርዳል፤ የተጠረጠረ ሰው ሲኖር ይዞ ለበላይ ሹም ያቀርባል። ተበዳይና በዳይ በነጠላ ተቋራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየትም የተለመደ ነበር። ዳኛ በሌለበት ደግሞ መንገደኛውን ሽማግሌ አስቁመው «የመንገድ ዳኛ» ያደርጉት ነበር።

ወንጀለኛው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ «አፈርሳታ» ወይም «አውጫጭኝ» ይባል ነበር። ከብት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአጥቢያው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም የሚያውቀውን እስኪናገር ድረስ አይሰናበትም። በዳዩ ካልተገኘ ደግሞ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። ከዚህም ሌላ «ሌባ ሻይ» የሚባል ነበረ። አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በገመድ ተይዞ በየቤቱ ይዞራል፤ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህ ልማድ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስጨነቀ መገመት አያስቸግርም፤ በኋላም በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው አዋጅ ቍጥር 6 የፖሊስ ሠራዊትን አቋቋመ። በገጠሩ ግን ፖሊሱ ጥቂት ስለ ነበረ «ነጭ ለባሽ» የሚባሉት የአገር ሰዎች ያግዙት ነበር፤ ስማቸውም የደንብ ልብስ ሳይሆን የዘወትር ነጭ ሸማቸውን ለብሰው ከማገልገላቸው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ ቍጥር 90 ደግሞ አጥቢያ ዳኞች ተሠየሙ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲያዩ፣ በጥቃቅን ወንጀልም እስከ 15 ብር እንዲቀጡ ሥልጣን ተሰጣቸው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የራሳቸው ጥበቃ ኖሯቸው የቀድሞውን ሥርዓት ተኩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የቀበሌ ሚሊሺያ፣ ማኅበራዊ ፍርድ ቤትና የወረዳ ፖሊስ ተከተሉ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ስሞችም ተለዋውጠዋል፤ በገጠር ጸጥታ የሚጠብቀው ግን ዘወትር ከጎረቤቶቹ መካከል የተነሣ ሰው ነው። ጭቃ ሹሙም፣ ነጭ ለባሹም፣ ሚሊሺያውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አራሽ ነው፤ የሚይዘውን ሰው በስሙ ያውቀዋል፤ ምናልባትም አበ ልጁ፣ ወይም የማኅበር ጽዋ ተካፋዩ ነው።

ጎረቤትም ሹምም መሆን

ይህ ሁኔታ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ «ሸሪፍ» የሚባል ሹም ነበረ፤ የስሙም ትርጓሜ በጥንታዊ ቋንቋቸው የአውራጃ ሹም ማለት ነው። ሹመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ዛሬም በአብዛኞቹ ግዛቶች የአውራጃው ሸሪፍ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል። ሸሪፉ ወንጀል ይከታተላል፤ የአውራጃውን እስር ቤት ይጠብቃል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያና ትእዛዝ ለባለ ጉዳዩ ያደርሳል። ሕዝቡ የሚያውቀውን ሰው መምረጡና ካልወደደውም መሻሩ ትልቅ በጎነት አለው። ነገር ግን በዚያው አገር በደቡብ ግዛቶች፣ ቍጡ ሕዝብ ጥቁር እስረኛን ከእስር ቤት አውጥቶ ሲሰቅል፣ የመረጡትን ሰዎች የፈራ ወይም ያገዘ ሸሪፍ ብዙ ጊዜ ታይቷል። እንግዲህ ለጎረቤት መቅረብ ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። ጸጥታ ጠባቂው የሚቀርበው ለማን ነው? ለብዙኃኑ ነውን? ለዘመዱ ነውን? ወይስ ማንም ለሌለው?

እስቲ ነገሩን ወደ ራሳችን አገር እናምጣው። ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ የሚኖር አንድ ሚሊሺያ እንዳለ እናስብ። የአጎቱ ልጅ የአንዲት ባልቴት በሬ ሰርቆ መሸጡን ዐወቀ። ቢይዘው የገዛ ወገኑ «ዘመዱን አሳልፎ ሰጠ» ብሎ ያገለዋል፤ ከበዓሉም ከለቅሶውም ይለያል። ቢተወው ማንም አያውቅበትም፤ ባልቴቲቱ ግን በሚቀጥለው ክረምት የምታርስበት የላትም። በዚህ ሰው ልብ ውስጥ የሚደረገው ሙግት በየትኛውም የፍርድ አዳራሽ ከሚደረገው ሙግት ይልቅ የከበደ ነው።

ለዝምድና መታመን መልካም ነገር መሆኑን አንክድም። ሰው ያለ ዘመድ አይኖርም፤ በክፉ ቀን የሚደርስለትም ወገኑ ነው። ነገር ግን ሹመት የተቀበለ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘመዱ በዝቷል። ዘመድ የሌላት ባልቴት በሹመቱ ምክንያት ዘመዱ ሆናለች። የሥጋ ዘመዱን ለመርዳት የራሱን እህል ሊሰጥ ይችላል፤ የባልቴቲቱን በሬ ግን ሊሰጠው አይችልም፤ የእርሱ አይደለምና። ሥልጣንም እንዲሁ ነው፤ በአደራ የተሰጠ እንጂ ለዘመድ የሚከፋፈል የራስ ገንዘብ አይደለም።

በወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጠየቁት ጊዜ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ሂዱ አላላቸውም። የሰውን ገንዘብ በግፍ እንዳይነጥቁ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነው ያዘዛቸው። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ መያዝ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ይሁን እንጂ መሣሪያ የያዘ ሰው ሦስት ልዩ ፈተናዎች እንዳሉበት ነው፤ እነርሱም መንጠቅ፣ በሐሰት መክሰስና ጉቦ ናቸው። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ፈተናዎቹ አልተለወጡም።

ለያዡ ብቻ ሳይሆን ለተያዡም ማሰብ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ያዝዛል። ከተያዘበት ሥፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው አግባብ ያለው ጊዜ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቈጠርም። ይህ የመጨረሻ ቃል የተጻፈው እንደ ስማዳና እንደ ታች ጋይንት ቆላ ላለ አገር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ተይዞ በእግር የሚሄደውን ሰውና ይዞት በእግር የሚሄደውን ፖሊስ ያስባልና። ነገር ግን የመንገዱ ርቀት ለቸልተኛ ሹም ሰበብ ሊሆን አይገባውም። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ በአንድ ጎጆ ታስሮ የሚሰነብት ሰው፣ ጥፋተኛም ቢሆን እንኳ፣ በዚያች ሰዓት ተበዳይ ሆኗል። ዱላ እንዲያናዝዘው ማድረግም ከሌባ ሻይ ብዙ የተለየ አይደለም፤ ያኛው በመድኃኒት ይገምታል፤ ይህኛው በሥቃይ ይገምታል፤ ሁለቱም እውነትን አይፈልጉም።

ዕርቅና ፍርድ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የደም ነገር ነው። በደጋው አገር ሰው ሲገደል ነገሩ በሟችና በገዳይ አያበቃም፤ የሟች ወገን ደሙን ሊመልስ ይነሣል፤ የገዳይ ወገን ከእርሻው ይሸሻል፤ ጠቡም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች «ደም ለማድረቅ» መካከል ይገባሉ። የሟችን ቤተ ሰብ ደጅ ይጠናሉ፤ ካሣ ይቈረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ገበያ መዋል ይችላሉ። ይህ ሥራ ቅዱስ ሥራ መሆኑን እንመሰክራለን። ስንት ልጆችን ከሞት እንዳተረፈ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ዕርቁ በተፈጸመ ማግሥት ሌላ ችግር ይነሣል። ፖሊሱ ምርመራውን ይዞ ምስክሮችን ሲጠራ፣ ትናንት ያየ ሰው ዛሬ «አላየሁም» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ይዞ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢቀርብም የሚናገርለት አያገኝም። ምስክሩን ብንጠይቀው «ደሙ ደርቋል፤ እኔ ለምን እንደገና ላርጥበው?» ብሎ ይመልስልናል። መልሱ ቀላል መልስ አይደለም። በእርሱ አስተያየት ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው ያስራል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሁለት ወገን ያድናሉ። የታሰረው ሰው ተፈትቶ ሲመለስ ደግሞ ያልታረቀ ጠላት ይጠብቀዋል።

እኛ ግን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው እንላለን። አንደኛው ይቅርታ ነው፤ ሁለተኛው እውነት ነው። ይቅርታ የተበዳዩ ሀብት ስለሆነ ሊሰጠው ይችላል። እውነትን ግን የሟች ወንድምም ሆነ ሽማግሌ ሊሰጠው ወይም ሊሸጠው አይችልም። ሟቹ ተናግሮ ራሱን መከላከል አይችልም፤ የቀረለት ነገር ቢኖር ያዩት ሰዎች ቃል ነው። ከዚህም በላይ ግድያ በሟች ቤተ ሰብ ላይ ብቻ የተፈጸመ በደል አይደለም፤ ነገ በዚያው መንገድ በሚያልፈው ሁሉ ላይ የተፈጸመ ነው። ካሣ መክፈል የሚችል ባለጸጋ ገድሎ በገንዘቡ ቢድን፣ ከብት የሌለው ድኻ ግን ወኅኒ ቢወርድ፣ ዕርቁ ራሱ የአድልዎ መሣሪያ ይሆናል። ሴት በባልዋ እጅ ተገድላ ወይም ተደፍራ ጉዳዩ በወንድ ሽማግሌዎች መካከል በሚያልቅበት ጊዜማ፣ የሚቀረው ጸጥታ የማን ጸጥታ ነው?

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አላሰበበትም ማለት አይቻልም። ተራ ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ነገር ግን ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ጥፋቱን ማመኑን፣ ራሱን ለሕግ መስጠቱን፣ የቻለውንም ያህል መካሡን ዳኛው ቅጣት ማቅለያ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። እንግዲህ ዕርቅ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚገባበት በር አለው ማለት ነው። ሽማግሌዎች ምስክሩን «አትናገር» ብለው በመሐላ ከማሰር ይልቅ፣ ገዳዩን «እጅህን ስጥ፤ እውነቱን ተናገር፤ እኛም ታርቀህ መምጣትህን እንመሰክርልሃለን» ቢሉት፣ ደሙም ይደርቃል፤ እውነቱም አይቀበርም። ፖሊሱም በበኩሉ ሽማግሌዎችን እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን፣ እርሱ ሊደርስበት የማይችለውን ቍስል እንደሚያክሙ ረዳቶች ሊያያቸው ይገባል። መንገዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሽማግሌው የዕርቁ መፍረስ ያስፈራዋል፤ ገዳዩም ዓመታት በእስር ይቀመጣል። ዋጋ የሌለው ዕርቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሚቀጥለው ሟች ነው።

የዝምታ ኃጢአት

ወደ አፈርሳታው እንመለስ። ያ ሥርዓት ግፍ ነበረበት፤ ንጹሑን ከበዳዩ ጋር ያስቀጣ ነበር፤ ድኻው አራሽ ቀኑን ሙሉ ከሥራው ተፈትቶ ይውል ነበር። መልሶ ይቋቋም አንልም። ነገር ግን አንድ እውነት ይዞ ነበር፤ ይኸውም በመንደር የተፈጸመ በደል የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ነው። ዛሬ ቅጣቱ ቀርቶልን ኃላፊነቱም የቀረልን ይመስለናል። «እኔ ምን አገባኝ» የሚለው ቃል ከ«በሕግ አምላክ» ይልቅ በአፋችን በዝቷል።

እርግጥ ነው፣ ዝም የሚል ሁሉ ክፉ አይደለም። የሚናገር ሰው ቤቱ ሊቃጠል፣ ልጁ በመንገድ ሊጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ፈርቶ ዝም ባለው ገበሬ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ እርሱን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ተናጋሪውን የማይሸሽግ፣ የነገረውን ቃል በማግሥቱ በጠላ ቤት የሚያወራ ጸጥታ ጠባቂ፣ የሕዝቡን አፍ የዘጋው ራሱ ነው። እንዲህም ሆኖ በፍርሃት ዝም ማለትና በጥቅም ዝም ማለት አንድ አይደሉም። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ በርካሽ የገዛ፣ ካሣው ሲከፋፈል የድርሻውን የወሰደ፣ ወገኑ ስለሆነ ብቻ ገዳይን ያበላና የሸሸገ ሰው ፈራሁ ሊል አይችልም።

ዛሬስ?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ይህን ሁሉ ይበልጥ እንዳከበደው የተሰወረ አይደለም። ደብረ ታቦርና አካባቢዋም ከግጭቱ አላመለጡም። መሣሪያ ያነገቡ ወገኖች በበዙበት ጊዜ ገበሬው ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ የፖሊሱና የፍርድ ቤቱ ሥራ ይታወካል፤ አቤቱታ ያለው ሰውም የሚሄድበት ይጠፋዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ በወገኖቹ መካከል ልንፈርድ አልተነሣንም። የምንለው ይህ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ በማንም ስም ይያዘው፣ ባልቴቲቱ በሬዋ በተሰረቀ ጊዜ ማን ዘንድ ትሂድ ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ጸጥታ ጠባቂ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ሕግ ጠመንጃ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል እጁን አይሰበስብምና። ነገር ግን የጠመንጃው ጉልበት ከቃሉ የተበደረው ነው። ቃሉን የሚያከብር ጎረቤት፣ አደራውን የሚያውቅ ሹም፣ እውነትን ከዕርቅ የማይለይ ሽማግሌ በጠፉበት አገር፣ አንድ ሺህ ጠመንጃ አንዲት በሬ አይጠብቅም። እነዚህ ባሉበት አገር ግን መሣሪያ ያልያዘ መንገደኛም ጠብ ያቆማል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ እያንዳንዳችን በያለንበት ራሳችንን እንመርምር። ሹም የሆንን፣ ባለፈው ዓመት ማንን አሰርን? ማንንስ ተውን? ስለ ምን? ሽማግሌ የሆንን፣ በመሐላ ያሰርነው አፍ አለን? ጎረቤት የሆንን፣ እያወቅን ዝም ያልነው ነገር፣ በማን ደጃፍ ላይ ሸክም ሆኖ ተቀምጧል? መልሱን ለማንም መናገር ላያስፈልገን ይችላል፤ ለባልቴቲቱ ግን በሬዋን መመለስ ያስፈልገናል።